ጫማዬ እስኪደርቅ

ጄሮም በእህቱ ወጥ ቤት ከላቫንዲኖው ስር በጀርባው ተንጋሎ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሲፈታ፣ እህቱ ስታለቅስ ሰማ። ለቅሶው የሚመጣው ከላይኛው ፎቅ ነው። እህቱ ግን ፎቅ ላይ አልነበረችም። ማርላ እዚሁ ከራስጌው ቆማ ድንች ትልጣለች፤ ተረከዛቸው የተበላ ሰማያዊ ነጠላ ጫማዎቿ ከጆሮው አንድ ስንዝር ቢርቁ ነው፤ ፍሪጁ አናት ላይ ከተቀመጠው አሮጌ ባለሬዲዮ ቴፕ የሚወጣውን የእሁድ ጠዋት የፖልካ ጭፈራ ሙዚቃ ተከትላ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። የላይኛዋ ማርላ «አንሳው» ትላለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፤ «እባክህ አንሳው። እዚያ እንዳለህ አውቃለሁ።» የታችኛዋ ማርላ የላጠችውን ድንች ድስት ውስጥ ጣል አድርጋ ሌላ አነሳች።

«ቴሳ!» አለች ልጇን፣ ወደ ጣራው አንጋጣ። «ቀንሺው እንጂ! በፋሲካ ምድር የምን ዋይታ ነው?»

መፍቻው ከጄሮም እጅ አምልጦ ቅንድቡ ላይ አረፈ።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ምንም።»

«ደማህ እንዴ?»

«አልደማሁም።»

«ድሮም ከአልጋ በጭንቅላቱ ነው የወደቀው ትል ነበር እማዬ» አለችና ሳቀች፤ ወደ ድንቿ ተመለሰች። የራሷን ድምፅ አላወቀችውም። ጄሮም እርጥብ እንጨትና ሳሙና በሚሸተው ጨለማ ውስጥ፣ ምንም ያልሆነ ቅንድቡን በመዳፉ ሸፍኖ ተኝቶ ቆየ። ወጥቶ ፊቷን ማየት አቃተው።

ድምፁ የማርላ ነው፤ የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት፣ ሃያ አራት ዓመቷ ሳለ። ጄሮም ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር እዚሁ ባፋሎ ውስጥ «የኤሪ ጥልቀት» የሚባል ባንድ ነበራቸው። የሚጫወቱት ሃርድኮር የሚባል ፈጣን፣ ጩኸት የበዛበት ሮክ ነበር፤ ለቅሶ ስለሚበዛበት ኢሞ የሚሉትም ነበሩ፤ ኢሞ ያላቸውን ሰው ግን ድራመራቸው ዱዌን ሊደባደበው ይነሳ ነበር። መድረክ የሚባል አያውቁም። የሰው ምድር ቤት ውስጥ፣ ከማሞቂያው በርሜል አጠገብ፣ ከአርባ ከሃምሳ የማይበልጡ ልጆች ፊት ቆመው የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ይጮኻሉ፤ የሚጮኸውም የሚሰማውም ያለቅሳል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ላይ ወጥቶ ከአንድ ድስት ባቄላ በሩዝ ይበላል። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር፤ የውሸት ነገር አይገባም። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት እውነተኛ ድምፅ ማስገባትም ወግ ነበር። አንዱ አባቱ ሲቆጣ ተደብቆ የቀዳውን ያስገባል፣ አንዱ የሬዲዮ ሰባኪ፣ አንዱ ስልኩ ላይ የተተወለትን መልእክት። ባለቤቱን ይበልጥ የሚያሳፍረው ድምፅ ይበልጥ ይከበር ነበር፤ ይህን ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

የዚያን ቀን ማርላ የደወለችው ከጄሮም ቤት በእግር ሰባት ደቂቃ ከሚርቀው የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ነው። ግሌን፣ አብራው የምትኖረው ሰው፣ ካፖርቷን እንኳ ሳትደርብ አስወጥቶ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮባታል። በረዶውን በሸራ ጫማ አቋርጣ፣ የራሰውን ጫማዋን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከታ፣ በካልሲ ቆማ ደወለች። አራቱ ልጆች የጄሮም ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፤ መልእክት መቅጃው ጠቅ ብሎ ተነሳና ድምጿ ክፍሉን ሞላው። ጄሮም እጁን ወደ ስልኩ ዘርግቶ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለራሱ ይነግረዋል፤ እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን ዱዌን ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛቸው። ከማርላ ድምፅ ጀርባ ጫማዎቹ በማሽኑ ሆድ ውስጥ እየተንከባለሉ ዱም፣ ዱ-ዱም፣ ዱም ይላሉ፤ ዱዌን በሁለት ጣቶቹ ጠረጴዛውን እየመታ ተከተላቸው፤ ጄሮምም የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። ቆንጆ ነበር። የሚያሳፍረው ይሄ ነው። እህቱ በካልሲ ቆማ ስታለቅስ እሱ ዘፈን ሰማ። መልእክቱ ሲያልቅ ያቺን ሰባት ደቂቃ አልሄደም። ጊታሩን አነሳ።

ማርላ በዚያው ዕለት ግሌን ዘንድ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላም አስራ አንድ ዓመት አብራው ኖረች። ጄሮም ደግሞ መልእክቱን ለዘፈኑ ሲያዘጋጅ «ጄሮም» እያለች የምትጠራበትን ሁሉ ቆርጦ አወጣ፤ መጨረሻዋን አንዲት ዓረፍተ ነገርም ቆረጠ። ሌላውን አልነካም። አራት መቶ ሸክላ አሳተሙ፤ ሽፋኑን ከሱፐርማርኬት ቡናማ ከረጢት ቀድደው፣ አጥፈው፣ በእጅ ማኅተም እየመቱ፣ ከነፖስታ ቤት ሂሳቡ በሦስት ዶላር ሸጡት። በዓመቱ ባንዱ አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ በማይረባ ነገር ተጣልቶ ፈረሰ። ያልተሸጡትን ሸክላዎች የፈነዳ ቧንቧ አበሰበሳቸውና ጄሮም ከቆሻሻ ጋር አወጣቸው። እሱም የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ተቀጠረ፤ ያው እዚያ አለ፤ ያንኑ ቤት ተከራይቶ፣ ብቻውን።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የማያውቀው ሰው ያንን ሸክላ ከአንድ የሞተ ሰው ዕቃ ጋር ገዝቶ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። የተረሱ የድሮ ባንዶችን እንደ ማዕድን እየቆፈሩ የሚያወጡ ልጆች አሉ፤ እነሱ አገኙት። አሁን አንዱ ሸክላ በአራት መቶ አስር ዶላር ይሸጣል። ፊላደልፊያ ያሉ ሁለት ወጣቶችም እንደገና ሊያሳትሙት ጻፉለት፤ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ «ሚስተር ዊትኮውስኪ» ነው የሚሉት። የላኩለት ቅጽ አራት ታጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ አለ፤ ነገ ሰኞ ፖስታ ቤት መግባት አለበት። የሁሉም ፊርማ ተሟልቷል፤ አንድ መስመር ብቻ ባዶ ነው። «በመግቢያው ላይ የምትሰማው ሴት ሙሉ ስምና ፊርማ» ይላል፤ ከሥሩም በትንንሽ ፊደል «በሕይወት ከሌለች የቅርብ ዘመድ» ይላል። ይቺን ትንሽ ፊደል የጨመሩት እሱ ራሱ ባወራው ነው። ባለፈው ወር አንዱ ለድረ ገጽ ሲጠይቀው «ልጅቷ ማናት? አሁንስ የት ናት?» ብሎ አፋጠጠው። ጄሮም ጥያቄው እንዲቆምለት ብቻ «ሞታለች» አለ። እውነትም ቆመ።

ቴሳ ደረጃውን በሁለት በሁለት እየዘለለች ወረደች። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ የለበሰችው ካናቴራ ላይ «የኤሪ ጥልቀት» የሚለውን በገዛ እጇ በነጭ ቀለም ጽፋለች። ዘፈኑን ካገኘችው ዓመት አልፏታል፤ የሚጮኸው ሰው በየበዓሉ እየመጣ ቧንቧ የሚጠግን አጎቷ መሆኑን ያወቀችው ግን ቃለ መጠይቁ ላይ ፎቶውን ስታይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስታየው ዓይኗ ይበራል። ጄሮም በዕድሜው እንደዚያ ያየው ሰው የለም፤ ስለዚህ ባየችው ቁጥር መሬት ይጠበዋል።

«አጎቴ! ስንት እንደደረሰ ታውቃለህ? ስድስት መቶ አርባ ሺህ!» አለች ጎንበስ ብላ ወደ ላቫንዲኖው ስር እያየች።

«ሰው?»

«ጊዜ! ስድስት መቶ አርባ ሺህ ጊዜ ተሰምቷል።»

«ስድስት መቶ ሺሁ አንቺ ነሽ» አለች ማርላ።

«እማ ደግሞ! አንዱ እኮ ክንዱ ላይ ‹አንሳው› ብሎ ተነቅሷል። አንዷ ከኦሳካ ምን ብላ ጻፈች መሰላችሁ፤ ‹ስትሞት አጠገቧ ሰው እንደነበረ ተስፋ አደርጋለሁ›።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ፣ ልጅቷ በምን ሞተች? ልትነግረኝ ካልፈለግህ ተወው።»

«ማነው የሞተው?» አለች ማርላ።

«ዘፈኑ ላይ የምታለቅሰው ልጅ። የአጎቴ ጓደኛ ነበረች።»

ማርላ ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገችና አማተበች። «ነፍሷን ይማር» አለች። «ወጣት ነበረች?»

«ሃያ አራት ዓመቷ ነበር» አለ ጄሮም። ከዚያ ከላቫንዲኖው ስር ተሳበና ወጣ፤ የቧንቧውን ላስቲክ ከመኪናው ላመጣ ነው አለ፤ ላስቲኩ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ውጭ ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ ሊቀልጥ የነበረው በረዶ እንደገና ጠጥሯል። መንገዱ ለፋሲካ ምሳ በመጡ ሰዎች መኪና ጢም ብሎ የሱን ፒክአፕ ከፊትም ከኋላም ዘግተውበታል። ገብቶ ተቀመጠና ቅጹን መሪው ላይ ዘረጋው። ፊርማ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። «የቅርብ ዘመድ» የሚለው ላይ የራሱን ስም ቢጽፍ እንኳ ውሸት አይሆንም፤ ዘመድ ነው፣ ወንድሟ ነው። እንዲህ ማሰቡን ሲያውቅ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ጋለ። እስክሪብቶው በብርዱ ደርቆ ነበር፤ አፉ ውስጥ አሙቆ «ያልታ…» ብሎ ጀመረ፤ «ያልታወቀች» ሊል ነው፤ መሃል ላይ ተወው። በወጥ ቤቱ መስኮት ማርላ ትታያለች። ግሌንን ጥላ ከሁለት ዓመቷ ቴሳ ጋር ወደዚህ ወደ እናታቸው ቤት ከመጣች በኋላ በትምህርት ቤት ምግብ ቤት ተቀጥራ ሺህ ልጆች ስታበላ ኖራለች፤ ስትቆም አንድ እግሯን አሳርፋ ነው የምትቆመው። ስለዚያ ዘመን አንድ ቀን አውርተው አያውቁም። እሷ አታነሳም፤ እሱ ላለማንሳቷ ያመሰግናታል፤ ምስጋናውንም ቧንቧዋን በነፃ በመጠገን ይከፍላል። ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ኪሱ ከተተ።

ቧንቧው ሲጠገን ምሳው ደረሰ። ሦስት ሆነው ተቀመጡ። የአሳማ ሥጋው ዘንድሮ ፓውንዱ ሦስት ዶላር መግባቱን፣ ጎረቤቱ ሚስተር ካዝሚር የበረዶ መጥረጊያውን ተውሶ አለመመለሱን ማርላ እያወራች፣ ሥጋውን፣ እንቁላሉን፣ እንደ ሰናፍጭ ዓይን የሚያስለቅሰውን የተፈጨ ሥር በየሳህኑ አደለች። መሃል ላይ እንደየዓመቱ ከቅቤ የተቀረጸው ትንሽ የፋሲካ በግ ተቀምጧል፤ ዓይኖቹ ሁለት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ናቸው። እዚህ ቤት ከጭራው በኩል እየተቆረጠ ይበላል እንጂ ፊቱን የሚነካ የለም፤ ጭንቅላቱ በየዓመቱ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ግንቦት ይከርማል። ጄሮም ዳቦውን በደረቁ በላ።

«እማ፣ አንዴ ብቻ ስሚው» አለች ቴሳ። «ለአጎቴ ስትይ።»

«ምግብ ላይ አይሆንም» አለ ጄሮም። የተናገረበት ፍጥነት ለራሱም ተሰማው።

«እንዲያውም ልስማው» አለች ማርላ። «አንድ ቀን እንኳ ነይና ስሚኝ ብሎኝ ያውቃል? ሁልጊዜ ‹አትወጂውም፣ ጩኸት ነው› ነው። ስድስት መቶ ሺህ ሰው የሰማውን እኔ እህቱ ባልሰማ ነውር አይደለም?»

ቴሳ ሳትዘገይ ስልኳን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቆመችው፤ እንዲህ ሲሆን ድምፁ ይጎላል። ጄሮም ሊነሳ አሰበ። ሽንት ቤት፣ መኪና፣ ላስቲክ፤ ምክንያቱ ሁሉ አለቀበት። መጀመሪያ የካሴቱ ሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ድምጿ። «እኔ ነኝ… አንሳው። እባክህ አንሳው። እዚያ እንዳለህ አውቃለሁ። ካፖርቴን እንኳ… አንሳው በቃ።» ማርላ ሹካዋን በአየር ላይ ይዛ፣ ራሷን ወደ ብርጭቆው ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«ምስኪን» አለች። «የት ሆና ነው?»

«ማንም አያውቅም።»

«ሄዶ ያመጣት ሰው አለ?»

ቴሳ ወደ አጎቷ ዞረች። ማርላም ዞረች። ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ዓይን ነው ያላቸው።

«የለም» አለ ጄሮም።

«ምነው፣ ቤት ሰው አልነበረም?»

«ነበረ።»

ማርላ ከንፈሯን መጠጠች፤ ስለማታውቃት ልጅ አዘነች። ይህኔ ለቅሶው ቆመና ከጀርባው የነበረው ድምፅ ብቻውን ቀረ፤ ዱም፣ ዱ-ዱም፣ ዱም፤ በየመሃሉ አንዲት ቀጭን ነገር ቅጭል ትላለች። «አሁን ይሄን ስሚ» አለች ቴሳ በሹክሹክታ። «የልብ ምት ነው ይላሉ። ደወሏ ምን እንደሆነች ግን…»

«የልብ ምት አይደለም» አለች ማርላ። ሹካዋን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ድምፅ ሳታሰማ አስቀመጠችው። «ጫማ ነው። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ያለ ጫማ።»

ቴሳ ሳቀች።

«ደወልም አይደለም። ቁልፍ ነው። የቤቴን ቁልፍ ጫማው ውስጥ ረስቼው።» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «የኔ ጫማ ነው።»

የቴሳ ሳቅ አፏ ላይ ቀረ። ድራሙ ገባ፤ ጫማዎቹ የሚሉትን እየተከተለ፤ ጊታሮቹም ገቡ፤ ከዚያ የሃያ ሁለት ዓመቱ ጄሮም ጉሮሮውን ቀድዶ «እውነቱን ብቻ! እውነቱን ብቻ!» እያለ መጮህ ጀመረ። ቴሳ ልታጠፋው እጇን ስትሰድድ ማርላ «ተይው» አለቻት። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ሦስቱም እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ የሃምሳ ዓመቱ ጄሮም እጆቹን ጭኖቹ መካከል ከቶ፣ የቅቤውን በግ ቁንዶ በርበሬ ዓይኖች እያየ።

«ሞቻለሁ ማለት ነው?» አለች ማርላ ዘፈኑ ሲያልቅ። «ጠዋት አማትቤያለሁ እኮ። ለራሴ ነፍስ ይማር ብያለሁ።» ሳቅ የመሰለ ነገር አፏ ላይ መጣና ጠፋ። «ስምህ የት ሄደ? ‹ጄሮም› ብዬ ነበር የጠራሁህ። ደጋግሜ።»

«ቆረጥኩት።»

«ለምን?»

ለዘፈኑ አይመችም ነበር ሊል አፉን ከፈተ። ያንን ምክንያት ለዓመታት አብስሎ አስቀምጦታል። ቴሳ ታየዋለች። «ሰው እኔ መሆኔን እንዳያውቅ» አለ።

«ጄሮም» አለች ቴሳ። አጎቴ አላለችም። «ቤት ነበርክ?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

በጎረቤት ቤት ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማል። «እኔ እኮ ቤት የለህም ብዬ ነው» አለች ማርላ፣ ለራሷ እንደምታወራ። «‹እዚያ እንዳለህ አውቃለሁ› ያልኩት እንዲያው ሰው የሚለውን ነው፤ አላውቅም ነበር። ግሌን ዘንድ ስመለስ መንገድ ላይ ምን እያልኩ እንደሄድኩ ታውቃለህ? ‹ቤት ቢሆን ኖሮ ይመጣ ነበር›። ከዚያ በኋላም በየጊዜው። ያንን ሁሉ ዓመት። እሱ አይጨክንም፣ ቤት ቢሆን ኖሮ ይመጣ ነበር።»

ጄሮም ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ቃሉ አነሰበት፤ ከሳህኑ አጠገብ ያለ የዳቦ ፍርፋሪ ያህል ሆነበት። ሌላ የሚሰጠው ነገር ሲያጣ ቅጹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ማርላ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች፣ ትንንሹን ፊደል ሳይቀር አነበበች። «ያልታ…» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኑን ሰበረ።

«ካሴቱ አለ?» አለች። «ያልተቆረጠው?»

«አለ።»

«ስምህ ያለበት?»

«አዎ።»

«እሱን ካወጡት እፈርማለሁ፤ ከነስምህ። ያለዚያ ሞቻለሁ፤ የሞተ ሰው አይፈርምም።» ወረቀቱን አጥፋ ከቅቤው ሳህን ስር ሸጎጠችው። «ሂድና አምጣው።»

«ነገ…»

«አሁን።»

መኪናው እንደተዘጋ ስለሆነ በእግሩ ወጣ። በረንዳው ላይ ጫማውን አጠለቀ። መንገዱ በዚያ በልብስ ማጠቢያው በኩል ያልፋል፤ በየቀኑ ያልፈዋል፤ ዓይኑን ማዶ ካለው ጎማ ቤት ላይ አድርጎ ማለፍ ልማዱ ነው። ዛሬ ቆመ። ለፋሲካ ተዘግቷል፤ ማሽኖቹ በመስታወቱ ውስጥ በተርታ አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ። ስልኩ ከተነቀለ ቆይቷል፤ ግድግዳው ላይ አራት የብሎን ቀዳዳና ከሌላው የነጣ ቦታ ቀርቷል። እዚያ ጋ ቆማ ነበር ማለት ነው። ከስልኩ እስከ ማድረቂያው ሦስት እርምጃ ይሆናል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በካልሲ። እነሱ ይህን ሁሉ ዘፈን ሲያደርጉ ወለሉ ሲሚንቶ መሆኑን አንዳቸውም አላሰቡም። ከዚያ እስከ ቤቱ በር ሄደ፤ ሰዓቱን አየ። ሰባት ደቂቃ አልሞላም። ካሴቱ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአሮጌ የጊታር ክሮች ስር ነበር፤ ጣለው ብሎ ራሱን ብዙ ጊዜ አዝዞት ያልጣለው። ሸሚዙ ውስጥ ከተተውና ሲመለስ ሮጠ። ሃምሳ ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱም ደህና አይደለም፤ በረዶው ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ።

የሱ ምሳ ሌላ ሳህን ተገልብጦበት ጠበቀው። ማርላ የሬዲዮውን ፖልካ አጥፍታ ቴፑን ከፍሪጁ አናት አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። ቴሳ ካናቴራዋ ላይ ሹራብ ደርባለች፤ ነጩ ጽሑፍ አይታይም። ማንም ተቀመጥ አላለውም፤ በቆመበት ካሴቱን ከተተና ተጫነው። መጀመሪያ የአንድ ዕቃ መሸጫ ሰውዬ ማቀዝቀዣ ደርሷል ውሰዱ እያለ ያወራል። ከዚያ ጢጥ አለና መጣች።

«ጄሮም?» አለች ከቴፑ ውስጥ፣ የሃያ አራት ዓመቷ። «ጄሮም፣ እኔ ነኝ።»

«አቤት» አለ ጄሮም።

ሳያስበው ነው የወጣው፣ ጮክ ብሎ፣ በወጥ ቤቱ መሃል፤ የቀለጠ በረዶ ከጫማው ወለሉ ላይ እየፈሰሰ። ቴሳ አልሳቀችም። ማርላ ቀና ብላ አላየችውም፤ እጇን የቴፑ ጀርባ ላይ አሳርፋ ነበር፣ ሰው እንደምታረጋጋ።

«አንሳው። እባክህ አንሳው፣ ጄሮም። እዚያ እንዳለህ አውቃለሁ…» ያው ነው፣ ስድስት መቶ አርባ ሺህ ጊዜ የተሰማው፤ በየመሃሉ ግን ስሙ አለ፤ ስሙ በመጣ ቁጥር ትከሻው ላይ የሆነ ነገር እንደወደቀበት ዝቅ ይላል። ለቅሶው በረደ። አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። ከዚያ እሱና ሦስቱ ጓደኞቹ ብቻ የሰሟት፣ ከሸክላው ላይ ቆርጦ የጣላት ዓረፍተ ነገር መጣች፤ በተረጋጋ ድምፅ፣ ለታናሽ ወንድም እንደሚነገር።

«እሺ፣ መንገድ ላይ ሆነህ ይሆናል፤ ጫማዬ እስኪደርቅ እዚህ እጠብቅሃለሁ።»

ስልኩን ግን አልዘጋችውም፤ እጀታው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ዱም፣ ዱ-ዱም፣ ዱም፤ ቅጭል። ድራም አልገባም። ጊታር አልገባም። ማርላ እንዲያጠፋው አልነገረችውም፣ እሱም አላጠፋው፤ የመልእክት መቅጃው ሰዓት አልቆ ጢጥ እስኪል ድረስ ሦስቱም ጫማውን ጠበቁት።